ለኮሌስትሮል ምርመራ 12 ሰዓት መጾም ግዴታ መሆኑ ይቅርልን፤ ከሰሜን ሸዋ የልብ ሕሙማንና አስታማሚዎች የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ ለምንታከምበት ሆስፒታል ሥራ አስኪያጅ፣ ለሕክምና አገልግሎት ኃላፊውና ለላቦራቶሪ ክፍሉ

የተከበራችሁ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

ሰላምታችን ይድረሳችሁ። ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በሰሜን ሸዋ ልዩ ልዩ ወረዳዎች የምንኖር፣ በተመላላሽ ክፍላችሁ የልብ ክትትል ያለን ሕሙማንና ይዘናቸው የምንመላለስ አስታማሚዎች ነን። ለመጻፍ ያነሣሣን በላቦራቶሪው በር ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ነው። ለኮሌስትሮል ምርመራ የሚመጣ ሁሉ 12 ሰዓት ምግብ ሳይቀምስ እንዲቆይ ያዝዛል፤ ናሙና የሚወሰደው ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ተኩል ብቻ እንደሆነ፣ ይህን ያላሟላ እንደማይስተናገድም ይገልጻል። ቀድሞም በባዶ ሆድ ኑ እንባል ነበር፤ ሆኖም ቁራሽ የቀመሰ ወይም ረፋዱ ላይ የደረሰ ሰው እንደ ሁኔታው ይታይለት ነበር። ማስታወቂያው ከወጣ ወዲህ መስኮቱ ላይ ያለው ጥያቄ «በልተዋል?» የሚል ብቻ ሆኗል። አዎ ያለ ሰው ወረቀቱ ይመለስለታል፤ ቀጠሮውም ለወራት ይገፋል።

ውሳኔው በማን ላይ እንደወደቀ ለማየት ታማሚው ከየት እንደሚነሣ ማሰብ ይበቃል። ከመሐል ሜዳ ወይም ከሞላሌ የሚመጣ ሰው በጨለማ መናኸሪያ ቢደርስም መኪናው ሞልቶ እስኪነሣ፣ ጣርማበርን አልፎ እዚህ እስኪደርስ ረፋድ ይሆናል። ከሸዋ ሮቢትና ከአጣዬ በኩል ለሚመጣውም ቆላውን ለቆ ያን ዳገት እስኪወጣ ነገሩ ያው ነው። መንገዱ እንደ ልብ በማይከፈትበት ጊዜማ ስንት ሰዓት እንደሚደረስ ሹፌሩም አያውቅም። ስለዚህ በ3 ሰዓት ተኩል በሩ ላይ መገኘት የሚችለው የከተማው ነዋሪ ወይም በዋዜማው መጥቶ አልጋ ይዞ ያደረ ነው። የልብ ታማሚ ብቻውን አይመጣምና አልጋውም፣ ራቱም፣ ትራንስፖርቱም የሁለት ሰው ነው። የጤና መድኅን ደብተራችን የምርመራውን ዋጋ ቢሸፍንልን እንኳ ይህን ሁሉ አይሸፍንም።

ባለፈው ታኅሣሥ ከመንዝ የመጡ አንድ አባት የደረሰባቸውን እንንገራችሁ። የልባቸው የደም ሥር ተዘግቶ በሞትና በሕይወት መካከል ቆይተው የተረፉ ናቸው፤ ኮሌስትሮል የሚቀንሰውን አቶርቫስታቲን በየማታው ይውጣሉ። ሐኪሙ መድኃኒቱ ምን ያህል እንደሠራላቸው ለማወቅ የኮሌስትሮል ምርመራ አዘዘላቸው። አብራቸው የመጣችው ልጃቸው ለመንገድ የገብስ ቆሎ ቋጥራ ይዛ ነበር። ጣርማበር ላይ መኪናው ሲቆም ሌላው ተሳፋሪ ወርዶ ሻይ ሲጠጣ እሳቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ቋጠሮውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ ጠበቁ። የዚያን ቦታ የታኅሣሥ ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ላቦራቶሪው ጋ የደረሱት ለ4 ሰዓት ጥቂት ሲቀረው ነው። ጾማቸውን እንደሆኑ ለማስረዳት ቋጠሮውን ፈትተው ያልተነካውን ቆሎ በመስኮቱ አሳዩ። መልሱ «ሰዓቱ አልፏል፤ ነገ በጠዋት ይምጡ» ነበር።

አባትና ልጅ አልጋ ሲፈልጉ ዋሉ። በማግሥቱ ደም ተወሰደላቸው፤ ውጤቱ ግን የደረሰው ሐኪሙ ታካሚዎቹን ጨርሶ ከወጣ በኋላ ነው። ሐኪሙም ውጤቱን ሳያይ የድሮውን መጠን ደግሞ ጽፎላቸው ስለነበር ወረቀቱን ኪሳቸው ከተው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ወረቀቱ ላይ ኤልዲኤል የሚባለው ጎጂው ኮሌስትሮል 131 ሚሊግራም በዴሲሊትር ይላል። እንደ እሳቸው ያለ ሕመም ላለበት ሰው ሐኪሞች ይህ ቁጥር ቢያንስ ከ70 በታች እንዲወርድ ይፈልጋሉ። መጠኑ መጨመር ወይም መድኃኒቱ መለወጥ የነበረበት ያን ዕለት ነበር። የተራቡት፣ ያደሩት፣ ያወጡት ወጪ ሁሉ ለዚያ ቁጥር ሲባል ሆኖ ሳለ ቁጥሩን እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ድረስ የሚያየው ሐኪም አይኖርም።

ሁለተኛው ጉዳይ ከድካምና ከወጪ ያለፈ ነው። ከቀወት ቆላ የመጡ፣ የስኳርም የልብም ሕመም ያለባቸው አንዲት እናት በዋዜማው ገብተው ከተማ አድረዋል። ጠዋት ኢንሱሊናቸውን እንደ ልማዳቸው ወጉ፤ ቁርሱን ግን አትብሉ ተብለዋልና ተዉት። ሰልፉ ረዘመ። ግንባራቸውን ላብ አጠመቀው፣ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፣ ንግግራቸው መያያዝ አቃተው። በቤቷ የስኳር ሕመምተኛ ያላት አንዲት አስታማሚ ነገሩ ወዲያው ገባት፤ ለስላሳ አስመጥታ በጉንጭ በጉንጩ አጠጣቻቸው። እግዚአብሔር ይመስገን ተመለሱ። ተረጋግተው ተራቸው ሲደርስ «ጣፋጭ ስለቀመሱ ዛሬ አይሆንም» ተባሉ። ያ ለስላሳ ባይደርስላቸው ምን ይሆኑ እንደነበር እናንተ ከእኛ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ እንክብል የሚውጥ ሰው መድኃኒቱን ወስዶ ምግቡን ሲተው ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። ማስታወቂያው ላይ ስለዚህ ነገር አንዲት መስመር የለችም። ወረቀቱን የሚጽፈውም፣ ናሙናውን የሚወስደውም «ኢንሱሊን ይወጋሉ ወይ» ብሎ ሲጠይቅ አላየንም።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር አለ። «ምንም እንዳትቀምሱ» ሲባሉ ብዙዎቻችን ውኃውንም መድኃኒቱንም እንተዋለን። የግፊት እንክብሉን ያልዋጠ ሰው ሐኪሙ ዘንድ ሲቀርብ ግፊቱ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ሐኪሙም መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ መጠን ይጨምራል። ውኃ ያልጠጣው ደግሞ ሰውነቱ ደርቆ የደም ሥሩ አልገኝ እያለ ደጋግሞ ይወጋል። በባዶ ሆድ ለሚሠራ ምርመራም ቢሆን ውኃ መጠጣት እንደሚፈቀድ፣ መድኃኒትም ሐኪም ካላዘዘ በቀር እንደማይቋረጥ ለሕዝቡ በቃል መንገር ምንም ወጪ አይጠይቅም።

እኛ ሐኪሞች አይደለንም። ከመካከላችን ግን በጤና ሙያ የተሰማሩ ልጆች ያሏቸው አሉ፤ ጠይቀናል፣ አስነብበናል። የተረዳነው ነገር ይህ ሁሉ መንገላታት ለአብዛኞቻችን አስፈላጊ እንዳልሆነ ነው።

የአውሮፓ የአተሮስክለሮሲስ (በቅባት ክምችት የሚመጣ የደም ሥር መጥበብ) ማኅበርና የአውሮፓ የክሊኒካል ኬሚስትሪና የላቦራቶሪ ሕክምና ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2016 በጋራ ባወጡት ሰነድ ለተለመደው የኮሌስትሮል ምርመራ መጾም እንደማያስፈልግ አስታውቀዋል። ዴንማርክ ይህን አሠራር የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ በ2014፣ የአሜሪካ የልብ ሐኪሞች መመሪያም በ2018 ያልጾመ ሰው ደም ለመጀመሪያ ምርመራ እንደሚበቃ ጽፈዋል። ለጉዳዩ አዲስ የሆነ ሐኪም እንዳይኖር ብለን ቁጥሮቹን እናንሣ። ሰው እንደ ልማዱ ከበላ በኋላ ከ1 እስከ 6 ሰዓት ቆይቶ ደሙ ቢለካ በአማካይ ትራይግሊሰራይድ የሚባለው ሌላው የደም ቅባት ቢበዛ 26 ሚሊግራም በዴሲሊትር ይጨምራል፤ ጠቅላላ ኮሌስትሮልና ኤልዲኤል እያንዳንዳቸው 8 ያህል ይቀንሳሉ፤ ደጉ ኮሌስትሮል የሚባለው ኤችዲኤል አይለወጥም። ለኤልዲኤሉ መቀነስ ከምግብ ጋር የተጠጣው ፈሳሽ ደሙን ማቅጠኑም አስተዋጽኦ አለው።

ይህን በመንዙ አባት ውጤት ላይ አስቡት። በልተው ቢመጡ ኖሮ 131 ያለው ቁጥር ምናልባት 123 ይል ነበር። ሁለቱም ከ70 እጅግ የራቁ ናቸው፤ ሐኪሙ የሚወስነውም ያንኑ ነበር። በላቦራቶሪያችሁ ኤልዲኤል የሚገኘው በስሌት ከሆነም ነገሩ ያው ነው። ከጠቅላላው ኮሌስትሮል ላይ ኤችዲኤልና የትራይግሊሰራይድ አንድ አምስተኛ ይቀነሳል፤ ከምግብ የመጣው 26 ለ5 ሲካፈል ለውጡ 5 ገደማ ነው። በሙከራም የታየው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ አንድ ጥናት ከ8 ሺህ በላይ የደም ግፊት ሕሙማን በአራት ሳምንት ልዩነት አንዴ ጾመው አንዴ ሳይጾሙ ተመርምረው ነበር፤ ማን በልብ የደም ሥር ሕመም ሊጠቃ እንደሚችል በማመልከት በኩል ሁለቱ ውጤቶች ተመሳሳይ ሆነው ተገኝተዋል።

ነገሩ በአገራችን ሰው ኑሮም የሚታይ ነው። በደማችን ውስጥ የሚዞረውን ኮሌስትሮል በብዛት የሚሠራው የራሳችን ጉበት ነው፤ የአንድ ሌሊት ራት ቁጥሩን ብዙ አያንቀሳቅሰውም። የሳምንታት አመጋገብ ግን ያንቀሳቅሰዋል። በግሪክ ኦርቶዶክስ ጾመኞች ላይ በቀርጤስ ደሴት የተደረገ ጥናት በጾሙ ወቅት ጠቅላላ ኮሌስትሮልና ኤልዲኤል ዝቅ እንደሚሉ አሳይቷል። እኛ ዘንድ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል ከገበታ ይርቃል። እናም አንድ ታማሚ በመጋቢት ቢለካና ሌላ ጊዜ ከትንሣኤ ሰንብቶ በግንቦት ቢለካ ልዩነቱ በመድኃኒቱ ሳይሆን በወቅቱ የመጣ ሊሆን ይችላል። ላቦራቶሪው ትናንት ማታ በስንት ሰዓት እንደበላን አጥብቆ ሲጠይቅ፣ ያለንበት ወቅት የጾም ይሁን የፍስክ የሚጽፍበት ቦታ በወረቀቱ ላይ የለም። ለሐኪሙ ከራታችን ሰዓት ይልቅ ይህ ይጠቅመው ነበር ብለን እናምናለን።

ሌላም እናንሣ። በክትትሉ ላይ ካሉት ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው፤ ሕመማቸው በልጅነት ከነበረ የጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብን በር የሚያበላሸው ሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። የዚህ ሕመም መነሻ ኮሌስትሮል አይደለም። ቢሆንም ቀጠሮ በደረሰ ቁጥር ለሁሉም አንድ ዓይነት ወረቀት ስለሚታዘዝ፣ በልብ በር ሕመም የምትሠቃይ የ9ኛ ክፍል ተማሪ በባዶ ሆዷ ተሰልፋ አይተናል። ልጅቱ የሚያስፈልጋት በወሩ የምትወጋው ፔኒሲሊንና የልብ አልትራሳውንድ ነው። ለእሷ የሚባክነው ሪኤጀንት (የመመርመሪያ ኬሚካል) ለመንዙ አባት ሊተርፍ ይችል ነበር፤ ሪኤጀንት አልቋል ተብለን ወደ ግል ላቦራቶሪ የተላክንባቸው ጊዜያት ብዙ ናቸውና። የግሉ ላቦራቶሪ ስንት ሰዓት እንደበላን አይጠይቅም፤ ገንዘቡን ግን የምንከፍለው ከኪሳችን ነው።

መጾም የሚያስፈልጋቸው ሕሙማን እንዳሉ አንክድም፤ እንዲቀርባቸውም አንጠይቅም። ያልጾመ ሰው ትራይግሊሰራይድ ከ400 በላይ ከሆነ ስሌቱ አያስተማምንም፤ ያ ሰው ተጠርቶ በባዶ ሆዱ ሊደገምለት ይገባል። በትራይግሊሰራይድ መብዛት የቆሽት (ፓንክሪያስ) ብግነት ያገኘው፣ በቤተሰቡ የደም ቅባት መዛባት የሚጠረጠርበት፣ በባዶ ሆድ የሚለካ ስኳር የታዘዘለትም እንዲሁ። የስኳር ሕመም ላለበት ሰው ያልጾመ ደም ኤልዲኤል በጥንቃቄ መነበብ እንዳለበትም ተረድተናል። መድኃኒት እየወሰደ ኤልዲኤሉ ወደ 70 የተጠጋ ታማሚም አለ፤ ለእሱ 8 ቁጥር ለውጥ ያመጣል። በዚህ ጊዜ ግን ከጠቅላላው ኮሌስትሮል ኤችዲኤልን ቀንሶ የቀረውን ማየት ይቻላል። ይህ ቁጥር መጾምን አይፈልግም፤ የአሜሪካው መመሪያም ለከባድ የልብ ታማሚ 100ን እንደ መለያ ይጠቀምበታል። ለስሌቱ አዲስ መሣሪያም ሆነ አዲስ ሪኤጀንት አያስፈልግም፤ አሁን በምትሰጡን ውጤት ላይ ያሉት ሁለት ቁጥሮች ይበቃሉ። እንግዲህ ጥቂቶች መጾም ስላለባቸው ሁላችንም እንድንራብ የሚያስገድድ ምክንያት አናይም።

ምናልባት ውሳኔው የመጣው ከሰው ኃይል ማነስ ይሆናል። ጠዋት የተሰበሰበውን ናሙና በአንድ ጊዜ መሥራት እንደሚቀል እንገምታለን፤ የባለሙያዎቹንም ድካም በዓይናችን እናያለን። ከሰዓት በኋላ የተወሰደ ደም ሴረሙ (ፈሳሹ ክፍል) ተለይቶ በማቀዝቀዣ ከተቀመጠ በማግሥቱ ከሌላው ጋር ሊሠራ እንደሚችል ባለሙያዎቹ ያውቃሉ። ምክንያቱ ይህ ከሆነ ይነገረን፤ ግዴታውን ግን የሕክምና ግዴታ አስመስሎ በበር ላይ መለጠፍ ትክክል አይደለም።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ የሚከተለውን ነው።

ማስታወቂያው ይነሣ፤ በምትኩ ለተለመደው የኮሌስትሮል ምርመራ መጾም እንደማያስፈልግ፣ በባዶ ሆድ እንዲመጣ በሐኪሙ ወረቀት ላይ የተጻፈለት ሰው ብቻ እንደሚጾም፣ እሱም ቢሆን ውኃና መድኃኒት እንደማይከለከል የሚገልጽ ማስታወቂያ ይለጠፍ። ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ ካርድ ክፍል ላይ በቃል ይነገር።

ናሙና መቀበያው ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላው 9 ሰዓት ተኩል ይራዘም። ከሩቅ ወረዳ የመጣ ታማሚ ደሙ ተወስዶ ውጤቱ በዚያው ዕለት ሐኪሙ ዘንድ እንዲደርስ ቅድሚያ ይሰጠው፤ ይህ ካልተቻለ ውጤቱ ሲወጣ ሐኪሙ አይቶት የመድኃኒት ለውጥ ካለ በስልክ የሚነገርበት መንገድ ይበጅ። ከጥያቄዎቻችን ሁሉ የሚበልጥብን ይህኛው ነው፤ ሐኪም ያላየው ውጤት ምንም አይጠቅመንም።

በመጠየቂያው ወረቀት ላይ የመጨረሻው ምግብ የተበላበት ሰዓትና ወቅቱ የጾም ወይም የፍስክ መሆኑ የሚጻፍበት ቦታ ይጨመር። የሙስሊም ወገኖቻችን የረመዳን ወርም በዚሁ ይጻፍ።

ኢንሱሊን ለሚወጋና የስኳር እንክብል ለሚውጥ ሰው በባዶ ሆድ ምርመራ ሲታዘዝ መድኃኒቱን መቼና እንዴት እንደሚወስድ ሐኪሙ ወይም ነርሷ ሳይነግሩት ከክፍሉ አይውጣ። የሦስት ወሩን የስኳር መጠን የሚያሳየው ምርመራ ሲኖር እሱ ይታዘዝለት፤ እሱ መጾም አይፈልግም። የግድ የሚጾሙት ሰልፍ ሳይጠብቁ በመጀመሪያ ይስተናገዱ፤ በመቀበያው አካባቢም ስኳርና ውኃ ይቀመጥ።

የልብ በር ሕመም ላለባቸው ወጣቶች የኮሌስትሮል ምርመራ የሚታዘዘው ሐኪሙ ምክንያት ሲኖረው ብቻ ይሁን።

ለእነዚህ ጥያቄዎች መልሳችሁን በጽሑፍ፣ ሁላችንም በምናየው በተመላላሽ ክፍሉ ሰሌዳ ላይ እንድትለጥፉልን፣ ይህም ከሚቀጥለው የክትትል ቀጠሯችን በፊት እንዲሆን እንጠይቃለን። ልታነጋግሩን ከፈለጋችሁ ከቆላውም ከደጋውም የተመረጡ ሰዎች ይዘን ለመቅረብ ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ጋር፣

በሰሜን ሸዋ ክትትል ላይ ያሉ የልብ ሕሙማንና አስታማሚዎች ተወካይ

ግልባጭ፦ ጉዳዩ ለሚመለከታቸው የጤና ኃላፊዎች